የጓሳ ሣር፣ የጭላዳ መንጋና መንገደኛ፦ የመንዝ ደጋ የአብሮ መኖር ታሪክ

የሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይም መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ፣ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ዘወትር የሚነሡት የሸዋ ነገሥታት መነሻ፣ የአጽመ ርስት አገርና የአርበኞች መጠጊያ በመሆናቸው ሲሆን፣ ከሕዝቡ ጋር ገደሉንና ግጦሹን ተጋርቶ ለዘመናት ስለኖረው ስለ ጭላዳ የተጻፈው ግን በአብዛኛው በሩቅ አገር መንገደኞችና በተፈጥሮ ተመራማሪዎች እጅ ነው። መንገደኞቹ የመንጋውን ብዛት፣ የወንዶቹን ጎፈርና የደረታቸውን ቅላት አይተው ተደንቀዋል፤ ይሁን እንጂ ይህን የሚያህል መንጋ ገብስ በሚዘራበትና በግ በሚሰማራበት አገር መካከል፣ እርሱም ሳይጠፋ ገበሬውንም ሳያጠፋ፣ እንዴት ሊኖር እንደቻለ የጠየቁት ጥቂቶች ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው የጥያቄው መልስ በእንስሳው ጠባይ ብቻ ሳይሆን የመንዝ ሰዎች ስለ ሣር ባቆሙት ሕግ ውስጥ እንደሚገኝ ነው። ሕጉ በጸናበት ዘመን ደጋው ለሰውም ለአውሬም በቅቷል፤ ሕጉ በላላበት ዘመን ግን ሁለቱም ተጎድተዋል።

የአገሩ አቀማመጥ

መንዝ በልማድ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የሚከፈል ከፍተኛ ደጋ ሲሆን፣ በስተምሥራቅ በኩል ወደ ይፋትና ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው ታላቅ ገደል፣ በስተምዕራብ በኩል ደግሞ ጀማና ወንጭት በቆፈሯቸው ጥልቅ ሸለቆዎች የታጠረ ነው። ከመንዝ በስተሰሜን ግሼ፣ ከሸለቆዎቹ ማዶ ደግሞ ዓለም ከተማን ዋና ከተማው ያደረገው መርሐቤቴ ይገኛሉ። በጌራ ምድር፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ በስተደቡብ ባለው መንገድ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ የተዘረጋው ሰፊ የሣር ምድር ጓሳ ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው ምድሩን ከሚሸፍነው፣ ጓሳ ተብሎ ከሚጠራው ረጅምና ጠንካራ ሣር ነው። በጥናቶች 111 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተብሎ የተለካው ይህ ምድር የውኃ መክፈያም ስለሆነ፣ በምዕራቡ ጎኑ የሚመነጩት ወንዞች በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ሲገቡ፣ በምሥራቁ በኩል የሚወርዱት ወደ አዋሽ ያመራሉ።

አገሩ ብርድና ውርጭ የሚጸናበት በመሆኑ ከገብስ፣ ከባቄላና ከጥቂት የደጋ አዝርዕት በቀር ብዙ የማይበቅልበት ነው፤ ስለዚህም የመንዝ ሰው ኑሮውን በእርሻው ብቻ ሳይሆን በበጉም ላይ መሥርቷል። ከበጉ ፀጉር ተፈትሎ የሚሠራው ባና፣ ማለትም ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የአገሩ መታወቂያ ሆኖ በሸዋ ገበያዎች ሲሸጥ ኖሯል። የጓሳ ሣርም በበኩሉ ከግጦሽነት አልፎ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለመጥረጊያና እረኛ በክረምት ለሚከናነበው ገሳ ይውላል፤ በእርሱ የተከደነ ቤት በሌላ ሣር ከተከደነው ይልቅ ለብዙ ዓመት ሳያፈስ ስለሚቆይ፣ ሣሩ በደጋው ኑሮ ውስጥ ከእህል ቀጥሎ የሚቆጠር ሀብት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጭላዳና ጠባዩ

ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዱር የትም የማይገኝ የዝንጀሮ ዘመድ ነው። በቅሪተ አካል ጥናት እንደታወቀው የእርሱ ወገን የሆኑ፣ አንዳንዶቹም በአካል ከእርሱ እጅግ የሚበልጡ እንስሳት በጥንት ዘመን ከደቡብ አፍሪካ እስከ ስፔንና እስከ ሕንድ ድረስ ተሠራጭተው ይኖሩ ነበር፤ ዛሬ ግን ከዚያ ሁሉ ወገን የቀረው በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የሚኖረው ጭላዳ ብቻ ነው። ከሌሎች ዝንጀሮዎችና ጦጣዎች ዋና ልዩነቱም ፍራፍሬና ሥጋ ፈላጊ ሳይሆን በሣር የሚተዳደር መሆኑ ነው።

ሌሊቱን የሚያድረው ነብርና ጅብ በቀላሉ በማይደርሱበት ገደል ጫፍ ላይ ነው። ማለዳ ፀሐይ ገደሉን ስትመታው ወደ ሜዳው ይወጣና ጥቂት ጊዜ ሲሞቅና እርስ በርሱ ፀጉሩን ሲፈታተሽ ቆይቶ ወደ ግጦሽ ይሰማራል። ሲግጥ እንደ በሬ ወይም እንደ በግ አፉን ወደ መሬት አያወርድም፤ ቁጭ ብሎ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣሩን አንድ በአንድ ይነጫል፤ ሁለቱን እጆቹን እያፈራረቀ እፍኙ እስኪሞላ ድረስ ይሰበስብና ከዚያ በኋላ ወደ አፉ ያደርሰዋል። በዙሪያው ያለው ሣር ሲያልቅም ብድግ ሳይል በመቀመጫው እየተንሸራተተ ወደፊት ይላል። አብዛኛውን ቀን በዚህ ዓይነት ተቀምጦ የሚውል በመሆኑ፣ በሌሎች ዝንጀሮዎች ዘንድ በመቀመጫቸው ላይ የሚታየው ቀይ ምልክት በጭላዳ ደረት ላይም ይገኛል፤ ይህ ፀጉር አልባ ቀይ ገላ በወንዱ ላይ የጉልበቱንና የማዕረጉን ደረጃ፣ በሴቷ ላይ ደግሞ ለመፀነስ የደረሰችበትን ጊዜ የሚያመለክት ነው።

የመንጋው አደረጃጀትም በደረጃ የተዋቀረ ነው። መሠረቱ አንድ አውራ ወንድ፣ ጥቂት ሴቶችና ግልገሎቻቸው የሚገኙበት ቤተሰብ ሲሆን፣ ሴቶቹ በሥጋ ዝምድና የተሳሰሩ በመሆናቸው የቤተሰቡ ጽናት በእነርሱ ላይ ይቆማል፤ አውራውም ቢሆን የእነርሱን ድጋፍ ካጣ ቦታውን በሌላ ወንድ መነጠቁ አይቀርም። ብዙ ቤተሰቦች ተሰብስበው ጭፍራ ይሆናሉ፤ ጭፍራዎቹም መልካም ሣር በተገኘበት ሥፍራ ሲቀላቀሉ በመቶዎች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከሺህ የሚበልጥ መንጋ በአንድ ሜዳ ላይ ይታያል። መንገደኞችን ሲያስደንቅና ሲያስፈራ የኖረውም ይኸው ብዛት ነው።

ጓሳ ለጭላዳ ጥናት ልዩ ሥፍራ ሊሆን የቻለው ተፈጥሮው ከብዙ የኢትዮጵያ ደጋዎች በተሻለ ሳይነካ በመቆየቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንጉየን የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ባካሄዱት የረጅም ጊዜ ክትትል፣ የጓሳ ጭላዳ ከምግቡ ከግማሽ የሚበልጠው ሣር፣ ከሲሦ በላይ የሚሆነው ደግሞ ሌሎች ቅጠላ ቅጠሎች መሆናቸው ታውቋል፤ ከብት በበዛበትና ምድሩ በተጋጠበት ሥፍራ የሚኖረው ጭላዳ ግን ይህን የመሰለ የቅጠል ምርጫ ስለማያገኝ ይበልጥ በሣሩ ላይ ለመመካት ይገደዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የበረሃ አንበጣ ጓሳን በወረረ ጊዜም ጭላዳዎቹ ግጦሻቸውን ትተው አንበጣ ሲለቅሙ ታይተዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው በጭላዳና በቀይ ቀበሮ መካከል የታየው መተማመን ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ጎልማሶች ብቻ የቀሩለት፣ እንደ ጭላዳ ሁሉ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የማይገኝ አዳኝ ሲሆን፣ በጓሳ ሜዳ ላይ የጭላዳ ግልገሎችን ሳይነካ በመንጋው መካከል እየተዘዋወረ አይጥ ያድናል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት እንደተገለጠው ቀበሮው በመንጋው መካከል ሆኖ ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው የተሳካለት ሲሆን፣ ብቻውን ሲያድን የተሳካለት 25 በመቶው ብቻ ነው። ጭላዳዎቹም ለውሻ እንደሚያደርጉት ለቀበሮው አይሸሹም።

መንገደኞች ያዩትና ያላዩት

የኢትዮጵያ ባለጎፈር ዝንጀሮዎች በአውሮፓ ጽሑፍ የታወቁት ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በአገሪቱ የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ሁለትና ሦስት መቶ እየሆኑ በገደል አፋፍ የሚኖሩ፣ የበግ ሙክት የሚያህሉ፣ ከወገባቸው ወደፊት ያለው አካላቸው እንደ አንበሳ ፀጉር የለበሰ እንስሳትን ማየቱን፣ ድንጋይ እያገላበጡ መሬቱን በመቆፈራቸውም የታረሰ ማሳ እንደሚያስመስሉት ጽፏል። ገለጻው ለጭላዳም፣ በቆላው ጥግ ለሚኖረው ለሌላው ባለጎፈር ዝንጀሮም የሚስማማ ነው።

ከአልቫሬዝ በኋላ ለአውሮፓ አንባቢ ስለ ኢትዮጵያ በስፋት የጻፈው ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ሲሆን፣ እርሱ ግን አገሪቱን በዓይኑ አላየም። እውቀቱን ያገኘው በመካነ ሥላሴ ከተወለዱት ከአባ ጎርጎርዮስ ነው፤ ከእኚህ መነኩሴ ጋር በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም፣ በኋላም በ1652 በጀርመን አገር በጎታ ተገናኝተው ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋ፣ ሃይማኖት፣ መልክዓ ምድርና እንስሳት ብዙ ተነጋግረዋል። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በመርከብ አደጋ ያረፉ ሲሆን፣ ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በፍራንክፈርት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1681 ነው። በዚህ መጽሐፍ በተራሮች ላይ ሺህ እየሆኑ ስለሚጓዙ፣ ከድንጋይ ሥር ትል ለመፈለግ ስለሚተባበሩና ከፍ ባለ ቦታ ጠባቂ ስለሚያቆሙ ዝንጀሮዎች የሚናገር ክፍል ይገኛል። የመነኩሴው ትውልድ አገር የጥንቱ አምሐራ ከመንዝና ከግሼ በስተሰሜን የሚገኝ ደጋ እንደመሆኑ፣ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ የተነበበው የደጋ ሰው እውቀት እንደነበረ መዘንጋት አይገባም።

ጭላዳን በዘመናዊው የሳይንስ አመዳደብ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1833 በሰሜን ኢትዮጵያ የተዘዋወረው የፍራንክፈርት ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 እንስሳውን አገሬው በሚጠራበት ስም ጌላዳ ብሎ የገለጠው ሲሆን፣ ቀይ ቀበሮንም ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው እርሱ ነው። ሁለቱንም ያገኛቸው በሰሜን ተራሮች ነው እንጂ ሸዋን አልረገጠም፤ እርሱ ያላየው ጓሳ ግን ሁለቱም በአንድ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ከሚታዩባቸው ጥቂት ሥፍራዎች አንዱ መሆኑ በኋላ ተረጋግጧል።

ሸዋን በቅርብ ያዩት መንገደኞች በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የመጡት ናቸው። ሚስዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1842 ከአንኮበር ተነሥቶ፣ የንጉሡ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ በሚኖሩበት በሰላ ድንጋይ በኩል መንዝን አቋርጦ ወደ ወሎ ሲያልፍ፣ ስለ አገሩ ብርድ፣ ስለ በጉና ስለ ሱፍ ልብሱ ማስታወሻ ጽፏል። ከእንግሊዝ ሕንድ መንግሥት ተልኮ እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በሸዋ የቆየው ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስም በሦስት ቅጽ ባሳተመው መጽሐፉ የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት፣ የጦር ዘመቻውንና የገበያውን ሁኔታ ዘርዝሯል። የእነዚህ ሰዎች ትኩረት በመንግሥት፣ በሃይማኖትና በንግድ ላይ በመሆኑ፣ ከመንገዳቸው ዳር ያለው የሣር ምድር ባለቤት ያለው፣ በጊዜው የሚዘጋና በጊዜው የሚከፈት መሆኑ በጽሑፋቸው ውስጥ ቦታ አላገኘም። የመንዝን ማኅበረሰብ በጥልቀት ያጠናው አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ ዶናልድ ሌቪን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ ባሳተመው መጽሐፍ የደጋውን ገበሬ ኑሮና አስተሳሰብ ለዓለም አስተዋውቋል፤ የጓሳው ሕግ ራሱን ችሎ በሰፊው የተተነተነው ግን ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዘላለም ተፈራ እ.ኤ.አ. በ2001 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት ነው።

የቄሮ ሥርዓት

የጓሳ ሕግ የቄሮ ሥርዓት ይባላል። መነሻውም፣ በአገሩ ትውፊት እንደሚነገረው፣ በ17ኛው መቶ ዘመን አካባቢ መንዝን ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች የጓሳን ምድር ለሁለት ተካፍለው ለዘሮቻቸው የግጦሽና የሣር ማጨጃ እንዲሆን መለየታቸው ነው። ዘመኑ ኋላ የሸዋ ነገሥታት አባት የሆነው ነጋሢ ክርስቶስ ከዚሁ ደጋ ተነሥቶ ኃይሉን ካጠናከረበት ጊዜ ብዙም የራቀ አይደለም። መብቱ የቆመው በአጽመ ርስት ላይ ነበር፤ አጽመ ርስት ማለት አንድ ሰው ከመጀመሪያው አቅኚ አባት መወለዱን ቆጥሮ በማስረዳት የሚያገኘው፣ ሊሸጥ የማይችል የዘር የመሬት ድርሻ ነው። ስለዚህ በጓሳ የሚጠቀመው ከአስቦ ወይም ከጌራ መወለዱን የሚያስረዳ ሰው እንጂ በአካባቢው የሰፈረ ሁሉ አልነበረም።

ተጠቃሚዎቹ በየአጥቢያቸው ተደራጅተው ለየወገናቸው አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር። የአለቃው ሥራ ምድሩን ማስጠበቅ፣ የሣሩን ዕድገት እየተመለከተ የሚከፈትበትን ጊዜ ከሽማግሌዎች ጋር መወሰን፣ ሕግ የጣሰውን መቅጣትና በተጠቃሚዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር መዳኘት ነው። ጥበቃው የደመወዝተኛ ዘበኛ ሥራ ሳይሆን የሁሉም ግዴታ ስለነበረ፣ ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድ ሁሉ በተራው ወይም በተጠራ ጊዜ ለቅኝት ይወጣል፤ የቀረም ይቀጣል።

ጓሳ በአንድ ጊዜ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከማንኛውም ጥቅም ተከልሎ ይዘጋ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ማጨድም፣ ማገዶ መልቀምም፣ ከብት ማሰማራትም ክልክል ነው። ሣሩ ሲደርስ በበጋው መካከል፣ የሌላው ግጦሽ በደረቀበትና ገበሬው ከሥራ ፋታ ባገኘበት ወቅት፣ የሚከፈትበት ቀን ይነገራል። በቀኑ አስቀድሞ የሚገባው አጫጁ ነው፤ ለክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር ታጭዶ ካለቀ በኋላ ከብቱ ይለቀቃል። ክረምቱ ሲገባ፣ ጾመ ሐዋርያት በሚፈታበት በሐምሌ 5 የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ገደማ፣ ምድሩ እንደገና ይዘጋል። የመዝጊያው ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን የቀን አቆጣጠር ጋር መያያዙ ሕጉን ማንም እንዳይዘነጋው አድርጎታል፤ ዝናቡ ሲበረታና ሣሩ ሊያቆጠቁጥ ሲል ከብቱ ከሜዳው መውጣቱም ለሣሩ ትንፋሽ ሰጥቶታል።

ይህ ሕግ የተሠራው ለሰውና ለከብቱ ጥቅም እንጂ ለአውሬ ተብሎ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ያስገኘው ጥቅም ከታሰበለት ዓላማ አልፎ ሄዷል። ምድሩ በተዘጋባቸው ዓመታት ጭላዳው ያለ ተሻሚ ይግጣል፤ በጓሳው እግር ሥር አይጡ ይራባል፤ ቀይ ቀበሮውም በአይጡ ይኖራል። ጭላዳው የሚመርጠው ሣርና ቅጠል በሜዳው ላይ እስካለ ድረስ ደግሞ ወደ ገብሱ ማሳ የሚገፋው ረኃብ አይኖርም። በሌላ አነጋገር ሣሩን የጠበቀው የመንዝ ገበሬ ሳያስበው አዝመራውንም ሲጠብቅ ነበር።

ማማና ወንጭፍ

ይህ ማለት ግን ገበሬውና ጭላዳው ያለ ጠብ ኖረዋል ማለት አይደለም። ገብስ እሸት በሚሆንበትና ለአጨዳ በሚደርስበት ወቅት፣ በተለይ በገደል አፋፍ ያለ ማሳ፣ ለጭላዳ ቅርብ ነው፤ አንድ መንጋ ማለዳ ከገደል ወጥቶ ለጥቂት ሰዓት ማሳ ውስጥ ቢቀመጥ የዓመት ድካም ከንቱ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ገበሬው በማሳው ላይ ማማ፣ ማለትም ከፍ ያለ የመጠበቂያ ቆጥ፣ ይሠራል፤ ልጆችም ወንጭፍና ጅራፍ ይዘው፣ ውሻ አስከትለው ከማለዳ እስከ ማታ ይጠብቃሉ። የጥበቃው ሸክም በአብዛኛው የወደቀው በልጆች ላይ መሆኑ፣ በኋለኛው ዘመን ደግሞ ከትምህርት ጋር መጋጨቱ፣ በደጋው ኑሮ ውስጥ ዋጋው ሳይነገር የኖረ ጉዳይ ነው። የትልቁን ወንድ ጎፈር ለጀግና ራስ ጌጥ ለማዋል የሚገድሉ አዳኞችም ነበሩ።

ሆኖም የጠቡ ወሰን የታወቀ ነበር። ጭላዳ ከማሳ ይባረራል እንጂ እየታደነ ከአገር እንዲጠፋ አልተደረገም፤ ሥጋውም በሃይማኖት ሥርዓት የማይበላ በመሆኑ ለምግብ የሚፈልገው አልነበረም። ጭላዳውም በበኩሉ ከሰው እጅ ምንም አላገኘም፤ በመንደር መካከል አልገባም፤ ሰውን እንደ እህል ምንጭ ማየትንም አልተማረም። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በታይላንድ አገር፣ ከባንኮክ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተሰሜን የምትገኘው የሎፕቡሪ ከተማ የዚህን ተቃራኒ ታሳያለች። ሎፕቡሪ በ17ኛው መቶ ዘመን፣ አስቦና ጌራ ጓሳን ተካፈሉ በሚባልበት ዘመን አካባቢ፣ በንጉሥ ናራይ ሁለተኛ ዋና ከተማ የሆነች ጥንታዊት ሥፍራ ስትሆን፣ በመሐል ከተማዋ ባሉት የቀድሞ መቅደሶች ዙሪያ የሚኖሩት ጦጣዎች በአገሩ ሃይማኖታዊ ትውፊት ከዝንጀሮው ጀግና ከሐኑማን ጋር ስለሚያያዙ ሕዝቡ ያከብራቸዋል፤ ይመግባቸዋልም። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ጎብኚዎችን ለመሳብ በየዓመቱ በፍራፍሬና በጣፋጭ የተሞላ ግብዣ ይደረግላቸው ጀመር። የሚመግባቸው መንገደኛ በበዛ ቁጥር ቁጥራቸው ጨመረ፤ የለመዱትም የሰው እጅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ጎብኚዎች በጠፉ ጊዜ መንጎቹ በመንገድ ላይ ለምግብ ሲዋጉ ታዩ፤ ቤትና ሱቅ በፍርግርግ የታጠረባት ከተማ ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹን ያማረረች ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2024ም መንግሥት ጦጣዎቹን እያጠመደ ወደ ማቆያ ለማስገባት ተገደደ። የሎፕቡሪ ሰዎች ጦጣዎቻቸውን ስለ መውደዳቸው አይጠረጠርም፤ የጎደላቸው እንስሳው የራሱን መብል በራሱ ምድር እንዲያገኝ የሚያደርግ ወሰን ነበር። የመንዝ ሰዎች ይህን ወሰን በሣር ላይ አቆሙት።

ሕጉ የፈረሰበትና የታደሰበት ዘመን

በ1966 ዓ.ም. የፈነዳው አብዮትና የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የአጽመ ርስትን መሠረት ስላጠፋ፣ በዘር ቆጠራ ላይ የቆመው የቄሮ ሥርዓትም አብሮ ወደቀ። ለውጡ በሁለት ዓይን መታየት አለበት። የአስቦና የጌራ ዘር ባለመሆናቸው ከጓሳ ተከልክለው የኖሩ ሰዎች በአዋጁ መብት አገኙ፤ ይህም የቀድሞው ሕግ ያልሰጣቸው ፍትሕ ነው። በሌላ በኩል ግን የአባ ቄራው ሥልጣን ለገበሬ ማኅበራት ሲተላለፍ፣ የመዝጊያውና የመክፈቻው ሥርዓት፣ የሁሉም ግዴታ የነበረው ቅኝትና የሽማግሌው ፍርድ አብረው ተቋረጡ፤ ሜዳው ለሁሉም ክፍት በሆነ ጊዜ ሣሩ ያለ ዕረፍት ተጋጠ፤ ታጨደም።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የአካባቢው ሰዎች የጠፋውን ሕግ በአዲስ መልክ ለማቆም ተነሡ። በጓሳ ዙሪያ ያሉት ቀበሌዎች በመረጧቸው ሰዎች የሚመራ የጓሳ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ መብቱ ከዘር ቆጠራ ወጥቶ ለነዋሪው ሁሉ ሆነ፤ መተዳደሪያ ደንብ ወጣ፤ ቅኝትም ተመለሰ። በዚህ ሥራ የፍራንክፈርት የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ድጋፍ ሰጥቷል። የሉዶልፍ መጽሐፍ የታተመባትና ሩፔል የተወለደባት ከተማ ከሁለትና ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ወደዚህ ደጋ የተመለሰችው ለመጻፍ ብቻ ሳይሆን ለመርዳትም ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአማራ ክልል ጓሳን በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ ዕውቅና ሰጠው። ዛሬ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚያልፍ መንገደኛ ጅብራና አስታ በተቀላቀለበት የጓሳ ሜዳ ላይ ጭላዳን በመንጋ ሲግጥ ያያል፤ ማኅበረሰቡ በሚያስተዳድረው ማረፊያም ሊያድር ይችላል።

ይህ ታሪክ የሚሰጠው ፍርድ ግልጽ ነው። በመንዝ ደጋ ጭላዳ የቀረው ስለተወደደ ወይም ስለተመገበ ሳይሆን፣ ሕዝቡ ሣሩን በሕግ በመጠበቁ ነው፤ የቀድሞው ሥርዓት የዘር ገደብ ነበረበት፤ አዲሱ ገደቡን አስወግዶ ጥበቃውን መልሷል፤ ይህም አንድ ማኅበረሰብ የአባቶቹን ሕግ ከጉድለቱ አንጽቶ መያዝ እንደሚችል ማስረጃ ነው። ስለዚህ በጣርማ በር ገደል አፋፍም ሆነ በጓሳ ሜዳ ላይ የሚቆም መንገደኛ ለጭላዳው ዳቦም ሆነ ሙዝ ከመወርወር ሊቆጠብ ይገባዋል። የክልሉ ባለሥልጣናትም በበኩላቸው የጓሳ ኮሚቴን ደንብና የሽማግሌዎቹን ፍርድ ሊያጸኑ፣ በገደል አፋፍ ለሚያርሰውና ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ ማሳ ለሚያስጠብቀው ገበሬም ከጓሳ ጎብኚ ከሚገኘው ገቢ ተገቢ ድርሻ እንዲደርሰው ሊያደርጉ ይገባል።